የመምሬ ልየው ጨጓራ

የአገሬ ሰው ሕመሙን ለሐኪም ሲናገር ከላይ ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል። መጀመሪያ ራሱን ይነካና «እዚህ ጋ ይወቅረኛል» ይላል። ዓይኑን ያሻል፣ ደረቱን በመዳፉ ይዳስሳል፣ ልቡ ድው ድው እንደምትልበት ይናገራል። ሆዱ ላይ ሲደርስ ትንሽ ይቆያል፤ ስለ ሆድ የሚባለው ነገር ብዙ ነው። ከሆድ ወረድ ብሎ መቀነቱ ጋ ሲደርስ ግን ኬላ እንደገጠመው መኪና ቀጥ ይላል። ከዚያ ዝም ብሎ ይቆይና ጉልበቱ ላይ እንደገና ብቅ ይላል፤ «ጉልበቴንም ይቆረጥመኛል» ይላል። በመቀነትና በጉልበት መካከል ያለው አገር በማንም ካርታ ላይ የለም። እናንተም እንደዚያው ናችሁ፤ አትሳቁ።

ይህ የሰውነት ክፍል አይታመምም ማለት ግን አይደለም። ይታመማል፤ ሲታመም አድራሻ ይቀይራል እንጂ። ፊኛው የታመመ ሰው «ወገቤን» ይላል። ማሕፀኗን ያመማት ሴት «ሆዴን» ትላለች። ኪንታሮት መቀመጫ የነሳው ሰውዬ ሐኪሙ ፊት ቆሞ «ብርድ ነው መሰል» ይላል፤ ብርድ በእኛ አገር የማይሸከመው በሽታ የለም። የጎጃም ደጋ ብርድ እውነትም ብርድ ስለሆነ ሐኪሙም ለመጠራጠር ይቸገራል።

ይህን ሁሉ የማውቀው ሐኪም ስለሆንኩ አይደለም። የምሠራው ካርድ ክፍል ነው፤ ከደብረ ማርቆስ ብዙ በማይርቅ፣ ስሙን ብነግራችሁ ምንም በማይጠቅማችሁ ሆስፒታል ውስጥ። ሥራዬ ሐኪሙ ካርድ ላይ የጻፈውን በሽታ አንብቤ መለያ ቁጥሩን መስጠት ነው። እያንዳንዱ በሽታ የራሱ ቁጥር አለው። ቁጥሩ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል እያለ ይሄዳል። ሰፈር ውስጥ ምን እንደምሠራ ሲጠይቁኝ «ለበሽታ ቁጥር እሰጣለሁ» እል ነበር። አንድ ጎረቤቴ «ለበሽታ ቁጥር ምን ያደርግለታል? የቀበሌ ቤት ሊሰጠው ነው?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ «ሆስፒታል ነው የምሠራው» ብዬ አልፋለሁ፤ ሰዎችም መርፌ እንድወጋቸው ይለምኑኛል።

ቁጥሩ ግን ሥራ አለው። መድኃኒት የሚላክልን፣ ሐኪም የሚመደብልን፣ መሣሪያ የሚገዛልን ቁጥሩ ታይቶ ነው። ጨጓራ ብለን ከጻፍን የጨጓራ መድኃኒት ይመጣል። መጋዘናችን በጨጓራ መድኃኒት የተጨናነቀው የአገሩ ሰው ሁሉ ጨጓራው ስለተላጠ ሳይሆን ሕመሙን አንድ ፎቅ ከፍ አድርጎ ስለሚናገር ነው ብዬ ከጠረጠርኩ ቆይቻለሁ።

ሽንት ማምለጥን ውሰዱ። ይቅርታ፣ ቃሉን ተናገርኩት፤ አጠገባችሁ ሰው ካለ ድምፅ አውጥታችሁ አታንብቡት። ሽንት ማምለጥ አንድ በሽታ አይደለም። ሲያስሉ፣ ሲስቁ ወይም እንስራ ሲያነሱ ጠብ የሚለው የራሱ ቁጥር አለው። መጣሁ ካለ ጊዜ የማይሰጠው፣ በር ሳይከፈት የሚቀድመው ሌላ ቁጥር አለው። ፊኛው ሞልቶ መውጫ ሲያጣ ከላይ ከላዩ የሚንጠባጠበው ደግሞ ሌላ። ከምጥ ጉዳት የመጣው ሌላ። መድኃኒታቸውም ለየቅል ነው፤ ለአንዱ የሚበጀው ሌላውን ጭራሽ ያባብሰዋል። ሐኪሙ ዓይነቱንና ምክንያቱን ካልጻፈ እኔ ያለችኝ ቁጥር «ዓይነቱ ያልተገለጸ» የምትለዋ ናት። ይህች ቁጥር ምንም ሳትናገር ተናግሬአለሁ የምትል ቁጥር ናት፤ አልወዳትም። እሷን ለመስጠት እንኳ ታዲያ ሰውዬው መጀመሪያ «ሽንት» ማለት አለበት።

እንዳይል የሚያደርገው ደግሞ ደግነታችን ነው። በእኛ አገር ሰው ብቻውን ሐኪም ዘንድ አይሄድም። ብቻውን የሄደ በሽተኛ ወይ ዘመድ የለውም፣ ወይ ዘመዶቹ ጨካኞች ናቸው። ስለዚህ አስታማሚ አብሮት ይመጣል፣ አብሮት ወረፋ ይይዛል፣ ተራ ሲደርስም አብሮት ይገባል። ሐኪሙ «ምንዎን አመመዎ?» ሲል የሚመልሰው አስታማሚው ነው። «እህል አልቀምስ ብሏል፣ እንቅልፍም የለው» ይላል። በሽተኛው ራሱን ይነቀንቃል፤ ሐኪሙ ይጽፋል፤ እኔ ቁጥር እሰጣለሁ። ካርዱ ላይ የሚሰፍረው በሽተኛው የታመመው ሳይሆን አስታማሚው ፊት ሊታመመው የሚችለው ነው።

መምሬ ልየው የነፍስ አባቴ ናቸው። ከቁይ ከተማ ወረድ ብላ ባለች ገጠር፣ እኔ ተወልጄ ባደግሁባት፣ የሚካኤል ደብር ካህን ናቸው። በዚህ ምድር ላይ የእኔን ጉድ አንድ በአንድ የሚያውቅ ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው። ሰምተው፣ ተቆጥተው፣ ስግደት አዝዘው፣ በማግስቱ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ምንም እንዳልሰማ ሰው «ወልደ ማርያም፣ እህሉ እንዴት ነው?» ይሉኛል። የመንደሩን ሁሉ ምስጢር እንዲህ ተሸክመው የኖሩ ሰው ናቸው። ምስጢራቸውን እያወጣሁባቸው ነው ብላችሁ እንዳታሙኝ፤ ወደ ኋላ እንደምትሰሙት የእሳቸው ጉዳይ በአውደ ምሕረት ተነብቧል።

ነገሩ የጀመረው መምሬ ልየው መቀደስ ሲተዉ ነው። በመጀመሪያ ተራቸውን ከሌላ ካህን ጋር ይለዋወጡ ነበር። ቀጥሎ ወገቤን አሉ። በመጨረሻ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከምእመናኑ ጋር ከውጭ ይቆሙ ጀመር። ካህን ለቅዳሴ መቅደስ ከገባ ቅዳሴው እስኪፈጸም አይወጣም፤ የሚያስወጣ ነገርም፣ በሰውነት ላይ የሚያመልጥ ነገርም እዚያ ቦታ የለውም። እሳቸው ደግሞ ሽንታቸውን መቋጠር ካቃታቸው ቆይቷል። እኔ ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው፤ እናንተ ግን ከአሁኑ እወቁት።

ሕዝቡ አላወቀም። ካህን መቅደስ መግባት ሲተው ሰው የሚያስበው ስለ ፊኛ አይደለም። ካህን በአንድ ሚስት የሚጸና ነው፤ ከትዳሩ ከወጣ ክህነቱ ይፈርሳል፤ ሚስቱ ከወጣችም እንደዚያው። ስለዚህ ወሬው ሁለት መንገድ ብቻ ነበረው፤ ወይ እሳቸው፣ ወይ ሚስታቸው ወይዘሮ ይታይሽ። መምሬ ልየው በሽማግሌነታቸውም በጠባያቸውም ለወሬ አልመች ስላሉ ወሬው ወደ ወይዘሮ ይታይሽ አዘነበለ። ልጆች ወልደው፣ ድረው፣ የልጅ ልጅ ያዩ ሴት ምንጭ ወርደው ሲደርሱ የሌሎቹ ሴቶች ጨዋታ ይቋረጥ ጀመር። ማኅበር ላይ የሚቀመጡበት ወንበር ሁለቱም ጎኖቹ ባዶ ይሆን ጀመር። ይህን ሳስበው አሁንም ያናድደኛል።

የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር ጋሽ ምኒችል ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ እንዲያውም ችግሩ ደግነታቸው ነበር። እሳቸውም የመምሬ ልየው የነፍስ ልጅ ናቸውና አባታቸውን ብቻቸውን ሐኪም ዘንድ አልሰድም ብለው በተመላለሱ ቁጥር አብረዋቸው ይመጡ ነበር። ሲሳይ የሚባል ጤና መኮንን አለን፤ ሰው ሁሉ ዶክተር ይለዋል፤ እሱም ማረም ሰልችቶት «አቤት» ይላል። ሲሳይ «አባቴ፣ ምንዎን ነው?» ይላል። መምሬ ልየው ጋሽ ምኒችልን ያያሉ። የነፍስ ልጅ ፊት፣ ለዚያውም ነገ ጉባኤ በሚመራ ሰው ፊት፣ ምን ይላሉ? «ጨጓራዬን» ይላሉ። ጋሽ ምኒችል ይቀበሉና «ጾም ያበዛሉ፣ እህል አይቀምሱም» እያሉ ጨጓራውን ያሳምሩታል። ሲሳይ ጨጓራ ብሎ ይጽፋል። እኔም የጨጓራን ቁጥር አንድም ሳልሳሳት እሰጣለሁ። መምሬ ልየውም ከሐኪም የተቀበሉትን መድኃኒት የሚጥሉ ሰው አይደሉምና ይውጡታል። የአንድ ጤነኛ ጨጓራ እንዲህ በደንብ ታከመ።

የኅዳር ሚካኤል ንግሥ ሲቃረብ ጉባኤው ተሰበሰበ። ወሬው ደብሩን ስላስነቀፈ መምሬ ልየው የማይቀድሱበትን ምክንያት ከሐኪም ማስረጃ እንዲያቀርቡ፣ ካላቀረቡ ግን ጉዳዩ ወደ ቤተ ክህነት እንዲሄድ ተወሰነ። መምሬ ልየው ከጋሽ ምኒችል ጋር መጡ። ሲሳይ ካርዱን ገልጦ ያገኘውን ጻፈ፤ ካርድ ላይ የሌለ ነገር መጻፍ አይችልም። «ሕመምተኛው በጨጓራ ሕመም በተደጋጋሚ የታከሙ መሆኑን» የሚል ወረቀት ወጣ። እኔም ማኅተሙ ግልጽ ሆኖ እንዲያርፍ ተጠንቅቄ መታሁበት። ወረቀቱ ስሕተት የለበትም፤ ካርዱ ከሪፖርቱ፣ ሪፖርቱ ከቁጥሩ ይገጥማል። ከሰውዬው ጋር ብቻ ነው ያልገጠመው።

ጉባኤው ወረቀቱን ሲያነብ በጣም አዘነላቸው። ርኅራኄ ያደረገውን ተመልከቱ። በጾም ቀን ቅዳሴ የሚያልቀው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ጨጓራ ያለበት ሰው ደግሞ እስከዚያ ባዶ ሆዱን አይችልም። ስለዚህ መምሬ ልየው ከጾም ቀን ቅዳሴ ነፃ ይሁኑ፤ በጠዋት የሚያልቀውን የእሑዱንና የበዓሉን ይቀድሱ ተባለ። ጋሽ ምኒችል በዚህም አልበቃቸውም። ያባታቸው ስም በአደባባይ ጠፍቷልና በአደባባይ ይታደስ አሉ። ለኅዳር ሚካኤል ታቦቱን ተሸክመው የሚወጡት መምሬ ልየው እንዲሆኑ ሐሳብ አቀረቡ። ሁሉም ደስ አለው። መምሬ ልየው ተነሥተው «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሉ። ሌላ ምን ይበሉ?

እስቲ አስቡት። የኅዳር ጠዋት ብርድ አጥንት ሰብሮ ይገባል። ታቦት በራስ ላይ ነው፤ ሕዝብ ከፊት ከኋላ ነው፤ ርምጃው ቀስ ያለ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ይዞራል። እንቢ ቢሉ ወሬው እውነት ሆነ ማለት ነው፤ ክህነታቸውም ያልቃል፣ የሚስታቸውም ስም አብሮ ይቀበራል። እሺ ቢሉና ጠብ ቢልስ? መምሬ ልየው በዚያ ሰሞን ውኃ መጠጣት ፈጽመው እንደተዉ በኋላ ሰማሁ። ውኃ የተጠማ ፊኛ ደግሞ ይብሱን ይነጫነጫል፤ ይህን እንኳን ሲሳይ ነው የነገረኝ።

ንግሡ ሳምንት ሲቀረው መምሬ ልየውና ጋሽ ምኒችል እንደገና መጡ። በዚህኛው ጊዜ ግን ወይዘሮ ይታይሽ ከኋላቸው ነበሩ፤ ከዚያ በፊት መጥተው አያውቁም። እኔ ሲሳይ ክፍል ውስጥ ነበርኩ፤ የሌላ በሽተኛ ካርድ ላይ ጽሑፉ አልነበብ ብሎኝ ምን ለማለት እንደፈለገ ልጠይቀው ሄጄ ነው። እሱም ራሱ የጻፈውን ማንበብ አቅቶት አብረን አጎንብሰን ሳለ ሦስቱ ገቡ። ጋሽ ምኒችል የአስታማሚው ወንበር ላይ ተቀምጠው «ዶክተር፣ ጨጓራው ጠንቶባቸዋል፤ ለበዓሉ የሚያደርሳቸው ነገር...» ብለው ጀመሩ።

«ጋሽ ምኒችል፣ እርስዎ ውጭ ይቆዩልን» አሉ ወይዘሮ ይታይሽ።

«ምነው ይታይሽ? እኔ ባዳ ነኝ?»

«ባዳ ስላልሆኑ ነው።»

ጋሽ ምኒችል ቅር እያላቸው ወጡ። እኔም ካርዴን ይዤ ልከተላቸው ስል ወይዘሮ ይታይሽ ቀና ብለው አዩኝና «አንተ ጸሐፊው አይደለህ? ቆይ፣ በደንብ ስማና ጻፈው» አሉኝ። የምጽፈው እኔ አለመሆኔን ለማስረዳት ጊዜው አልነበረም፤ በሩ ጥግ ቆምኩ።

«ጨጓራ የለበትም» አሉ ለሲሳይ። «ሽንቱን መቋጠር አቅቶት ነው። ቀሚሱን እኔ ነኝ የማጥበው፤ ጎረቤት እንዳያየው እቤት ውስጥ ነው የማሰጣው። አሁን ደግሞ ታቦት ተሸከም ብለውታል።»

መምሬ ልየው የእጅ መስቀላቸውን በጣታቸው ያሻሹ ነበር። ስንቱን ሰው ያስለቀሱ፣ ስንቱን «አይዞህ፣ ተናገረው» ያሉ ሰው ናቸው፤ የራሳቸውን ግን ሚስታቸው ተናገሩላቸው። አሳዘኑኝ። ሲሳይ ወንበሩን ጠጋ አደረገና ዝግ ባለ ድምፅ ጠየቃቸው።

«አባቴ፣ የሚያመልጥዎ ሲያስሉ ነው? ዕቃ ሲያነሡ?»

ራሳቸውን በአሉታ ነቀነቁ።

«ሲሸኑ ቶሎ አልመጣ ይልና ያስቆምዎታል? ጨርሻለሁ ብለው ሲነሡስ ያልጨረሱ ይመስልዎታል?»

መምሬ ልየው ቀና አሉ። «እሱን ማን ነገረህ?» አሉት።

«ብዙ ሰው ያለበት ሕመም ስለሆነ ነው አባቴ።»

«ብዙ ሰው?» አሉ መምሬ ልየው። ከዚያ በኋላ ሁሉንም ነገሩት፤ መቼ እንደጀመረ፣ እንዴት እንደሚንጠባጠብ፣ ለመንገድ ሲነሡ የሚከልላቸውን ዛፍ እንዴት እንደሚቆጥሩ። እንደ ኑዛዜ ነበር፤ ሰሚና ተናጋሪ ቦታ ተለዋውጠው እንጂ። ሲሳይ ማየት ያለበትን አየ፣ አልትራሳውንድም አዘዘ። ሽንት ቤት ደርሰው ከተመለሱ በኋላ እንኳ ፊኛቸው ግማሽ ያህል ሙሉ ነበር። የፕሮስቴት እጢያቸው አብጦ መውጫውን አጥብቦታል፤ ፊኛው ይሞላል፣ የሞላው ይንጠባጠባል። ሲሳይ ካርዱ ላይ ዓይነቱንም፣ ምክንያቱንም፣ በምን እንደተረጋገጠም ጽፎ ሰጠኝ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ያለ ሙሉ ካርድ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው። በእንክብል የሚታከም ነው፤ እንክብሉ ግን ለመሥራት ሳምንታት ይፈልጋል፤ ለንግሡ አይደርስም።

የቀረው የማስረጃው ወረቀት ነበር። ጋሽ ምኒችል ተጠርተው ገቡ፤ ስለ ሕመሙ ሳይሆን ስለ ወረቀቱ ብቻ ተነገራቸው። ሲሳይ ደግ ልጅ ነውና «በሕመም ምክንያት ለጊዜው ማገልገል አይችሉም ብዬ ልጻፈው?» አለ። ጋሽ ምኒችል አልተስማሙም። መጀመሪያ ጨጓራ የሚል ወረቀት መጥቷል፤ አሁን ስም የሌለው ሕመም ቢመጣ ሰው ማኅተሙን ራሱ ያማል አሉ። ወሬው የተወራው በሕዝብ ፊት ስለሆነም ወረቀቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአውደ ምሕረት መነበብ አለበት አሉ። እኔ «ያልተገለጸ» የምትለዋን ቁጥሬን ላቀርብ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት።

መምሬ ልየው «ይህማ አይነበብም» አሉ።

ወይዘሮ ይታይሽ ወደ ባላቸው ዞሩ። «የእኔ ስም በየጠላ ቤቱ ሲነበብ ከርሟል» አሉ። «እኔ ስሜ ጠፍቶ ያንተ ሽንት ይከበር?»

መምሬ ልየው ሚስታቸውን ለረጅም ጊዜ አዩአቸው። እንዲህ ያለ ነገር በእሳቸው ፊት ብዙ ሰው ተናግሮ ያውቃል፤ ለእሳቸው ግን የተናገራቸው ያለ አይመስለኝም።

«ይጻፍ» አሉ። «እንደሆነው ይጻፍ።»

እሑድ እኔም ሄድኩ። የጉባኤው ጸሐፊ ሥነ ሥርዓት የሚወድ ሰው ስለሆነ ወረቀቱን ከርእሱ ጀምሮ፣ የወጪ ቁጥሩን ጨምሮ፣ እንደ ስንክሳር ዜማ ሰጥቶ አነበበው። «በፕሮስቴት እጢ ማበጥ ምክንያት በደረሰባቸው ሽንት የመቋጠር ችግር» የሚለው ላይ ሲደርስ ትንሽ ፈጠን አለ፤ ግን አልዘለለውም። ቅጥሩ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያያል። መምሬ ልየው ዓይናቸውን ጨፍነው ቆመዋል። ወይዘሮ ይታይሽ ቀጥ ብለው ፊት ለፊት ያያሉ። ይህን ጊዜ ከሴቶቹ በኩል አንዲት ጆሯቸው የደከመ አሮጊት ለጎረቤታቸው የነገሩ መስሏቸው ጮክ ብለው «እሱ ነው እንዴ? እሱማ እኔም አለብኝ» አሉ።

የሳቀ ሰው የለም። ግን ብዙ ሰው ተነፈሰ።

ለኅዳር ሚካኤል ታቦቱን ሌላ ካህን አወጡ። መምሬ ልየው ከሕዝቡ ጋር ሆነው እልል ሲባል አጨበጨቡ። በማግስቱ ወይዘሮ ይታይሽ ምንጭ ሲወርዱ ጨዋታው አልተቋረጠም፤ እንዲያውም አንዲት ሴት ወደ ጎን ሳብ አድርጋ አንድ ነገር ጠየቀቻቸው ይባላል።

ከዚያ ወደ እኛ መምጣት ጀመሩ። ሲሳይ «ምንዎን አመመዎ?» ሲል አሁን የሚመልሱት ጨጓራ አይደለም፤ «የመምሬ ልየውን ነው» ይላሉ። ሽንት የምትለዋ ቃል አሁንም አትወጣም፤ ግን በእሷ ፈንታ የሚባል ስም ተገኘ፤ ስሙም የተከበረ ስም ነው። አስታማሚዎቹም አዲሱን ልማድ ተምረው በር ላይ ይቆማሉ። ሴቶቹ በዝተው መጡ፤ የብዙዎቹ ከወሊድ ብዛት የመጣ፣ እንስራ ሲያነሡና ሲያስሉ የሚያመልጥ ነው። ሲሳይ የሰውነት ማጠንከሪያ እንቅስቃሴ ያሳያቸዋል። ያቺ አሮጊት እንዲያውም ለመምሬ ልየው የተሰጠው እንክብል ካልተሰጠኝ ብለው አስቸገሩ። ያ እጢ በሴት ላይ እንደሌለ ቢነገራቸው «ለቄስ የተፈቀደ ለእኛ ምነው ተከለከለ?» ብለው ተቀይመው ሄዱ። እኔ ግን ደስ እያለኝ እየለየሁ ቁጥር ሰጠሁ። «ያልተገለጸ» የምትለዋ ቁጥር ሥራ ፈታች።

ሪፖርቱ ዞን ሲደርስ ስልክ ተደወለ። «እናንተ ጋ ምን ተፈጠረ? ሽንት ማምለጥ ወረርሽኝ ሆነ እንዴ?» አለኝ የደወለው ሰው። ወረርሽኝ እንዳልሆነ፣ በሽታው ድሮም እንደነበረ፣ ሰዎቹ መናገር ስለጀመሩና እኛም በትክክል ስለጻፍን መሆኑን አስረዳሁት። ትንሽ አሰበና «ለማንኛውም እንደገና አረጋግጣችሁ ላኩ፤ ጨጓራ ደግሞ ለምን እንደቀነሰ ማብራሪያ ጻፉ» አለኝ። ጻፍኩለት። እስካሁን መልስ አልመጣም።

የመምሬ ልየው እንክብል ሠራ። ሲሳይ መርምሮ ፊኛቸው በደንብ ባዶ እየሆነ መሆኑን አየ፤ ካርዱ ላይም ጻፈው። ጉባኤውም ፈቀደ። ተመልሰው የሚቀድሱበት እሑድ ሲደርስ ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሎ ሞላ። ሰዉ ለጸሎት ነው የመጣው፤ ግን ዓይኑ ከመጋረጃው አልተነቀለም። ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ልብ ሆኖ ስለ አንድ ሰው ፊኛ ሲጸልይ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን አስተዋልኩ። በሌላ ጊዜ ምእመን ከልካይ የለውምና በቅዳሴ መካከል ሽማግሌዎቹ አንድ አንድ እያሉ ወደ ቅጥሩ በር ሹልክ ብለው ይመለሳሉ፤ ማንም ልብ አይላቸውም። ያን ቀን ግን መምሬ ልየው ውስጥ እየቻሉ ውጭ ያለው ሰው አልቻልኩም ማለት ሆነበት፤ ወጣ ያለ ሁሉ «እሱም አለበት» ሊባል ነው። አንድም ሰው አልተንቀሳቀሰም። ጋሽ ምኒችል መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ እግራቸውን እያቀያየሩ፣ ጣሪያ ጣሪያውን ያዩ ነበር። መምሬ ልየው ደግሞ ከቀደሱ ቆይተው ናፍቋቸው ኖሮ ዜማውን አንዲት ሳያጎድሉ፣ እያረዘሙ፣ እያጣጣሙ ቀደሱት።

ቅዳሴው ተፈጸመ። መምሬ ልየው መስቀላቸውን ይዘው በእርጋታ ወጡ፤ ልብሳቸው ደረቅ ነው፣ ፊታቸው ያበራል። በደጃፉ ላይ ቆመው ለማሳለም መስቀሉን ዘረጉ። ከወይዘሮ ይታይሽ በቀር የቆመ ሰው አልነበረም። ወንዶቹ ጋሽ ምኒችልን አስቀድመው በአንደኛው በር፣ ሴቶቹ በሌላኛው በር ነጠላቸውን ሰብስበው ወደየዛፉ እየሮጡ ነበር።

ወይዘሮ ይታይሽ ቀረብ ብለው መስቀሉን ተሳለሙ።

«ሰዉ ወዴት ሄደ?» አሉ መምሬ ልየው።

«ይመጣል» አሉ ወይዘሮ ይታይሽ። «አንተ ዝም ብለህ ቁም።»